አርባ አንድ ጭረት

ሰማንያኛው ዓመት ሊከበር በሚያዝያ፣
ማስታወቂያ ወጣ ቢቸና ገበያ፤
«የአርበኞች ቅርስ ያላችሁ አምጡ» የሚል ጽሑፍ፣
ከመናኸሪያው በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ደፍ።

እኔ ነኝ የጻፍሁት። እኔው ነኝ የለጠፍሁት።
መዝገብም ከፈትሁ፦ ተራ ቁጥር፣ ዓይነት፣
የሰጪው ስም፣ ቀኑ፣ የተገኘበት።

ጎራዴ መጣልኝ ሰገባው የተበላ፣
ቃታ የሌለው ውጅግራ ልጅ አዝሎት ከኋላ፣
የአንበሳ ለምድ መጣ ብል የተጋበዘው፤
አንዱማ ያመጣው የጣሊያን ሳህን ነው፤
«ከማን ተማረከ?» ስለው፣ «አባቴ የገዛው።»

በመጨረሻው ቀን፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣
ወይዘሮ አንጓች መጡ ከየትመን በኩል፤
እንደ አራስ ልጅ አቅፈው በነጠላ ጫፍ
አንድ የዋንዛ ቁና፣ ጥቁር፣ ሰፊ አፍ።

«እማማ፣ ቁናማ ከየቤቱ አይጠፋ፤
እኛ የምንፈልግ ጦር ሜዳ የለፋ።»
ጣቴን ያዙና ከንፈሩ ላይ አስኬዱት፤
«ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርሁ። አርባ አንድ ጭረት።

«እናቴ ናት፣ ልጄ፣ የቆረጠች በካራ፣
ሌሊት ሌሊት ሲወርዱ እነሱ ከተራራ፣
ስትሰፍርላቸው ጤፍ፣ ገብስ፣ ሽምብራ፤
ላንድ ቁና አንድ ጭረት፣ እንዲሆን አደራ።
ፊደል አልቆጠረችም፤ ይሄ ነው ደብተሯ።
‹ጣሊያን ሲወጣ እንከፍላለን› ብለዋት፣
ጣሊያንም ወጣ፣ ዓመትም ዓመት ወለደላት።
ይቺ የመጨረሻዋ፣ አየሃት? ግማሽ ናት፤
ያን ለታ ጎተራው ተራግፎ አድሮባት፣
ለዘር ካኖረችው ነው ቆንጥራ የሰጠች።
ዘር መብላት ምን እንደሆን ታውቃለህ?
አንተ ወር ጠብቀህ የምትበላ ነህ።»

«ስጦታ» ብዬ ጻፍሁ፣ አነበብሁላቸው።
«ሰርዝ! ብድር ነው!» ቁጣ መጣባቸው።
«ይከፈል አላልሁም፤ ይጻፍ ነው የምለው፤
ብድር በምድር ነው፤ ምድር የሚያውቀው።»
ሰረዝሁ። ጻፍሁት። በጣታቸው ፈረሙ፤
ደጅ ወጥተው፣ ሳር ላይ፣ ተጠረገ ቀለሙ።

ኃላፊያችን አዩ፦ «ይሄማ ቆሽሿል፤
ከዞን እንግዳ አለ፤ ምን ብሎ ያየናል?
ለምንይችል ይሰጥ፣ እሱ ያሳምረው።»
እኔ ምንም አላልሁም።
በእጄ ደብዳቤ ነበር፤ የድንኳን ኪራይ፣
የውሃ፣ የወንበር። ምንም አላልሁም።
ይኸው ነው የእኔ ጉዳይ።

ምንይችል ጥሩ አናጢ ነው፤ እጁ ወርቅ፤
የሰጡትን እንጨት ሳያስውብ አይለቅ፤
በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ቀን አሸው፣
ዘይት አጠጣው፣ ቫርኒሽ አለበሰው።
ሲመልሰው ቁናው ፊት ያሳያል፤
እንኳን የካራ ጭረት፣ ዝንብ ያንሸራትታል።

ሮጥሁ ወደ ቤቱ፣ ብናኙን ፍለጋ፤
ጠርጎ አፍስሶታል፣ ጭቃ ላይ፣ ሲነጋ።
ባገኘው ምን ላደርገው ነበር? እኔ እንጃ።

ሚያዝያ ሃያ ሰባት። ባንዲራ፣ ድንኳን፣ ሰልፍ፤
ከመስታወት ኋላ የቁናው ሰፊ አፍ፤
ከግርጌው የእኔ ጽሑፍ፦ «ቁና። ከዋንዛ የተሠራ።
አርባ አንድ ጭረት ያለው።»
«የታል ጭረቱ?» አለ አንድ ተማሪ፣ ሳይፈራ።

ወይዘሮ አንጓች መጡ። ዓይናቸው ደክሟል።
መስታወቱን ከፈትሁ፤ ደንቡ ይከለክላል።
ጣታቸውን አኖሩ፣ አስኬዱት በከንፈሩ፤
አንዴ ዞሩ፣
ሁለቴ ዞሩ፣
ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

ከድንኳኑ በኩል ንግግር ይሰማል፤
«...የአባቶቻችን ውለታ...» ጭብጨባ ይከተላል፤
የእናት ስም ጠበቅሁ። ጭብጨባው ዘለለው።
እኔ መሬት መሬት።

«ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ጣታቸውን ሳያነሱ፣
«ተከፈለ ማለት ነው?
ማነው የከፈለው?
ስሙን ንገረኝና፣ ሄጄ ላመስግነው።»